የልጅ አጥንት

ወንድሜ ዘውገ ክንዱ የተሰበረው ቡሄ ሊገባ ሰሞን ነው።

ያን ጊዜ እኔ የፊት ጥርሶቼ የወለቁ ሕፃን ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ ቁመቱ እናታችን ትከሻ ላይ ሊደርስ የተቃረበ ልጅ። ቤታችን ከደብረ ታቦር ወዲያ፣ ጉና ሥር ነው። ነሐሴ ሲሆን ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጃፋችን ላይ ይተኛል፤ ጓሯችን ያለው ድንች እንኳ አይታይም። በዚያ ጉም ውስጥ የጅራፍ ድምፅ ብቻ ይሰማል። የእኛ ተረተር ልጆች ከወንዝ ማዶ ካሉት ጋር ይወዳደራሉ። ከቃጫ የተገመደውን ረጅም ጅራፍ ከራሳቸው በላይ አሽከርክረው ባንዴ ሲመልሱት እንደ ጥይት ይጮኻል፤ ገደሉም ተቀብሎ ይመልሰዋል።

እኛ ዘንድ ይህ የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ትልልቆቹ ምድጃ ዳር ተቀምጠው እያዳመጡ፣ ይቺ የእነ እገሌ ልጅ ጅራፍ ናት፣ ጎርምሷል ማለት ነው ይባባላሉ። አንድ ልጅ ለእርሻ መድረሱን አገር የሚያውቀው በቡሄ ጅራፉ ነበር። ዘውገም ያን ዓመት ስሙ እንዲነሳ ፈልጎ፣ ዝናብ ያራሰው ቋጥኝ ላይ ወጥቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲያሽከረክር እግሩ ከዳው።

ወደ ቤት ሲመጣ ቀኝ ክንዱን በግራው ታቅፎ ነበር፤ የተኛ ሕፃን የያዘ ይመስላል። ከእጁ አንጓ ትንሽ ከፍ ብሎ አጥንቱ ጎብጧል። አላለቀሰም። ከንፈሩ ግን አመድ መስሎ ነበር።

እናቴ ትርንጎ ደረቷን ትመታለች ብዬ ጠበቅኩ። አልመታችም። ክንዱን ብርሃን ወዳለበት አስጠግታ አየችው፤ እንደገና አየችው። በግ ልትገዛ ገበያ የወጣች ሴት እንደምታየው ዓይነት አየችው። የደነገጠች መስሎኝ ጉልበቷን ይዤ እኔ አለቀስኩላት።

ከዘውገ በላይ ካሳሁን የሚባል ወንድም ነበረን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ገብስ ሊሸጥ ገበያ እንደወጣ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ቀርቷል። እኔ እሱን ሳስብ የሚታየኝ አዲስ የወታደር ልብስና በኪሱ ሙሉ ብስኩት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አንድ እግሩን ያጣ ወታደር በምርኩዝ እየተነቀነቀ መጣና እናቴን ከጓሮ አቁሞ አነጋገራት። ስትመለስ የካሳሁንን ጋቢ አጠፈችና ከሳጥኑ ሥር፣ ከሁሉ ነገር በታች ከተተችው። ካሳሁን እስኪመጣ ብል እንዳይበላው ነው ብዬ አሰብኩ። ሰውዬው መርዶ ይዞ እንደመጣ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ለዘማች እየተሰበሰቡ ማልቀስ የሕዝቡን ሞራል ይሰብራል ብሎ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ ተናግሮ ስለነበር፣ እናቴ የመጀመሪያ ልጇን ያለቀሰችው ሽንኩርት ስትልጥና ጭስ ስታራግብ ብቻ ነው።

በማግስቱ ዘውገን ወደ ወጌሻው ወሰድነው። አያ ማሩ ይባላሉ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ምንጩ አጠገብ ነው። ጭስ ያጠቆረው ጣራቸው ሥር የተሰነጠቀ ቀርከሃ በየመጠኑ ተሰክቶ ነበር፤ ይህ ለጣት፣ ይህ ለክንድ፣ ይህ ለጭን። በእጃቸው ያልዳነ ሰው በአገራችን አልነበረም። ሰው ሲጠግኑ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ዓይን ይዋሻል ይሉ ነበር አሉ።

የዘውገን ክንድ ቅቤ ቀቡና ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱ። ቁርጥራጭ ጨርቅ አፉ ውስጥ ከተቱለት። ከዚያ አንዴ ሳቡት። ወንድሜ ያሰማውን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጨርቁ ከአፉ ወደቀ፤ ራሱ ወደ ኋላ ዘንበል አለ። እናቴ ተወርውራ የአያ ማሩ እጅ ላይ ወደቀች።

«ይተዉት» አለች። «ቀና አያድርጉልኝ።»

ጩኸቱን መስማት አቅቷት ነው ብዬ አሰብኩ፤ እኔም አቅቶኝ ነበርና። አያ ማሩም እንደዚያው መሰላቸው። ሕመሙ የአፍታ ነው፣ እንዲህ ከተተወ ግን ጎብጦ ይቀራል እያሉ ያባብሏት ጀመር። ያኔ እናቴ አፏን ወደ ጆሯቸው አስጠጋች። ብዙ ተናገረች። እኔ የያዝኩት የካሳሁንን ስም ብቻ ነው። ዘውገ ራሱን ስቶ ስለነበር ያንንም አልሰማም።

አያ ማሩ ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጅ ነው እኮ፣ ትርንጎ» አሉ። «ገና እያደገ ነው።»

«እኔን የጨነቀኝ ማደጉ ነው» አለች እናቴ።

እናት በልጇ ማደግ እንዴት ትጨነቃለች ብዬ ገረመኝ። ለሱሪ የሚሆን ጨርቅ ውድ ስለሆነ ይሆናል አልኩ በልቤ።

አሁን ግልጥ ነው። እናቴ የጠየቀችው ቀኝ እጁ ጠመንጃ የማይዝ ልጅ እንዲያደርጉላት ነበር። አካለ ጎደሎ አይዘምትም። አጥንቱን እሷ አልሰበረችውም፤ ራሱ ተሰብሮ መጣላት። እንዳይጠገን መለመን ብቻ ነበር የቀራት።

አያ ማሩ ያልጠበቅኩትን ነገር አደረጉ። የዘውገን አፍ ከፍተው ጥርሱን አዩ። የጉልበቱን መጋጠሚያ፣ ከዚያ የክርኑን፣ ከዚያ የጤነኛውን እጁን አንጓ በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ዳሰሱ። ሌላ ስብራት የሚፈልጉ መሰለኝ። ሲጨርሱ በረጅሙ ተነፈሱና ቀርከሃውን አወረዱ፤ ክንዱን እንደጎበጠ አሰሩት። እናቴ ጉልበታቸውን ሳመች።

መስቀል አልፎ እስሩ ሲፈታ የወንድሜ ክንድ ማጭድ መስሎ ወጣ። እኔ አለቀስኩ። እናቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጧፍ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከስለት የተመለሰች ሰው ፊት ነበር ፊቷ። በዚያን ቀን ጠላኋት። አያ ማሩንም ጠላሁ። በደጃቸው ባለፍኩ ቁጥር ምራቄን እተፋ ነበር።

ጎረቤታችን ፈንታነሽ ግልገሏን ፍለጋ መጥታ ክንዱን ስታየው ሳቋ አመለጣት። እቴ ትርንጎ፣ አያ ማሩ ይህን የጠገኑት ቁጭ ብለው ነው ወይስ ጠላ ላይ ተኝተው አለች። ከዚያ ቁም ነገር አደረገችውና፣ ገና ሳይጠነክር መልሶ ሰብሮ ማስጠገን ይቻላል፣ ሐሙሲት አንድ ሰው አለ፣ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ ብላ ለመነቻት። እናቴ ልጄን ሁለተኛ አላስጮኸውም አለች። ነገሩ በዚያ ቀረ።

ልጆቹ «ማጭዱ» ብለው ስም አወጡለት። ውኃ ሲወርድ ማጭዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ማጭዱ። ዘውገ ከሰው ፊት ሲሆን ክንዱን ከጋቢው ሥር ይደብቃል። እናቴም አታግዘውም ነበር። ሱሪው አጥሮ ቅልጥሙ ላይ ሲደርስ አዲስ አላሰፋችለትም። እኩዮቹ የልጅነት ቁንጮአቸውን ሲላጩ የእሱን አላስላጨችም። ጸጉሩን ታበጥርለትና፣ አንተ ገና ሕፃን ነህ ትለዋለች፤ ሊቀመንበሩ በደጅ ሲያልፍ ደግሞ ጮክ ብላ ትለዋለች። እኔ ትንሿ እህቱ እንኳ አፍርለት ነበር። ጨካኝ እናት ያለችን ይመስለኝ ነበር።

የሚቀጥለው ቡሄ ሲመጣ ዘውገ ጅራፉን ከማገር ላይ አውርዶ ከቤቱ ኋላ ብቻውን ሞከረ። እርጥብ ገመድ መሬት ላይ ሲወድቅ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ አወጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሰማች፤ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች። አዝናለት ነው አልኩ።

በተከታዩ ቡሄ ጅራፉ ጥፊ የሚያህል ድምፅ ነበረው። ክንዱም የድሮውን ያህል አልጎበጠም። ማንም ልብ አላለም። ልጅ ሲያድግ ቀን በቀን አይታይም፤ የክንዱም መቃናት እንደዚያው ነበር። እናቴ ራሷ እያጠበችው፣ እያለበሰችው አላየችውም። ወይም አይታ ማመን አልፈለገችም።

ከዚያ ሌላ ቡሄ መጣ። እናቴ ለሚጨፍሩት ልጆች የሚሰጠውን ሙልሙል ልትጋግር ሊጡን ታሻለች፤ እኔ ኮባ አጥባለሁ። ውጭው ጉም ነው። ድንገት የሆነ ነገር ቤታችንን ዘልቆ አለፈ። ያን የመሰለ ጅራፍ ሰምቼ አላውቅም። ገደሉ መለሰው፤ ከማዶ ያለውም ገደል ደገመው። ውሾች ጮኹ። ከዚያ ከላይ ከቋጥኙ የዘውገ ሳቅ ተሰማ፤ ድምፁ ጎርንኖ ነበር።

ፈንታነሽ ከአጥሯ ማዶ ተጣራች።

«ትርንጎ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ማጭዱ ቀና!»

እናቴ መሬት ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። በሊጥ የተለወሰ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ከዱቄቱ ጋር ተለወሰ። የዓመታት ጸሎቷ ሰምሮላት ያለቀሰች መስሎኝ ሮጬ ወጥቼ ለፈንታነሽ፣ ለሚያልፈውም ሰው ሁሉ፣ እማዬ በደስታ እያለቀሰች ነው አልኳቸው። ሰዎቹም እልል አሉ።

ከሰዓት ዘውገ ሲገባ በሩ ላይ አቁማ እጅጌውን ሰበሰበችው። ክንዱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያ ጉልበቷ ላይ አጋድማው በሁለት እጇ ወደ ታች ተጫነችው። እያሸችለት ነው ብዬ አሰብኩ። ግንባሯ ላይ ያለው ጅማት ተገትሯል። ዘውገ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ ግን፣ እማዬ አሳመምሽኝ አላት። እጆቿ ባንዴ ለቀቁት። ሳመችው፤ አንጓውን ደጋግማ ሳመችው። አያያዟ ማገዶ የሚሰብር ሰው አያያዝ መሆኑን የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ጠዋት ጭራሮ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስሰብር ነው። ጭራሮውን ጣልኩት። ያን ቀን እሳት አላነደድኩም።

ከቡሄ በኋላ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንዲሄድ ትለምነው ጀመር። ብርድ ይመታዋል ትላለች። አንድ ሁለት ቀን እሺ አላት፤ ከዚያ ጨርቁን አጥር ላይ ጥሎ ሄደ። ማጭዱ ሲባል የኖረ ልጅ፣ በቀና በሁለት ወሩ እንደገና ማጭድ ምሰል ሲባል እንዴት እሺ ይበል። ምክንያቱን ደግሞ አልነገረችውም። ልጅ ነው፣ ለጓደኛው ያወራዋል ብላ ትፈራ ነበር።

ገብሱ ታጭዶ ሲከመር ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠራ። ወንድ የተባለ እንዲቀር አልተፈቀደም። እናቴ ዘውገን ጉና ላይ ዘመድ ቤት ልትሰደው አስባ ነበር፤ ግን መንገዱን የማኅበሩ ታጣቂዎች ይዘውት አደሩ። እሷና እኔ ተከትለነው ሄድን። ጎረምሶቹን ሜዳው ላይ አሰልፈዋቸዋል። ሊቀመንበሩ ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፈ፣ አንተ ውጣ፣ አንተ ግባ ይላል። አንዱን አንካሳ ሲመልሰው አይቼ ነበር።

ዘውገ ጋ ሲደርስ እናቴ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። ይህ ልጅ ክንደ ሰባራ ነው፣ አገር ያውቀዋል፣ ስሙም ማጭዱ ነው አለች። ዕድሜውም አልደረሰም አለች። ሊቀመንበሩ የሟቹ አባቴ የአክስት ልጅ ነበር፤ አልጮኸባትም። ደከም ባለ ድምፅ ነው የመለሰላት።

«እትዬ ትርንጎ፣ በቡሄ ዕለት አገሩን ያናወጠው ጅራፍ የማን ነበር ታዲያ?»

ሊቀመንበሩ ወደ ዘውገ ዞረ።

«ሁለቱንም ክንድህን ዘርጋ እስቲ።»

እናቴ ዘውገን አየችው። ዓይኗ ምን እንደሚለው እኔ አላወቅኩም፤ እሱም አላወቀም። እዚያ ሜዳ ላይ የቆሙት ሁሉ ያበሸቁት ልጆችና ያዘኑለት ሴቶች ነበሩ። ዘውገ ጋቢውን ከትከሻው ጣለ። ሁለቱን ክንዶቹን ወደ ፊት ዘረጋ፤ ጎን ለጎን፣ እኩል፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ። አንዱ ካንዱ አይለይም። ከዚያ እኔን ፈልጎ አየኝና ፈገግ አለ። እኔም ኮራሁበት።

መኪናው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ቁንጮው እንዳለ ነው የወሰዱት።

አያ ማሩ ከዚያ በኋላ ሰው አልጠገኑም። የተሰበረ ልጅ ይዘው የመጡትን፣ እጄ ደክሟል እያሉ ይመልሷቸው ነበር። ቀርከሃውን አውርደው አነደዱት አሉ። ሰው እርጅና ነው አለ፤ እኔም አመንኩ።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በመንገዱ ሞልቶ ወረደ። እግራቸው የቆሰለ፣ ጫማቸውን የሸጡ፣ ቁራሽ የሚለምኑ ነበሩ። እናቴ በየጠዋቱ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ወደ ደብረ ታቦር መንገድ ትወርዳለች፤ እኔ ጣሳውን እይዛለሁ። ለእያንዳንዱ ውኃ ታጠጣለች። ለጽድቅ ነው ብዬ አሰብኩ። ግን ፊታቸውን አታይም ነበር። ጣሳውን የሚቀበለውን ቀኝ ክንድ ነበር የምታየው። ፊቱ ቢለወጥብኝ እንኳ ክንዱን አውቀዋለሁ ትል ነበር ለራሷ። አንዳንዱ ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስላት አትቀበለውም፤ እጁ ላይ ፈዛ ትቀራለች። ሰዎቹ እስኪያልቁ ወረድን። ካለቁም በኋላ ጥቂት ወረድን።

የዘውገ መርዶ አልመጣም። ስላልመጣም አልተለቀሰም። ተዝካር አልወጣለትም። ጅራፉ ማገሩ ላይ እንደተሰካ አይጥ በላው።

እናቴ ከሞቷ በፊት በነበረው ክረምት ነገረችኝ። ሁሉንም፣ ከአያ ማሩ ጆሮ ጀምሮ። እኔ ላወቅኩት ብዙ ነገር ምንጩ ያ ቀን ነው። ስትጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጠማማ ለመንኩት፤ ቀና አድርጎ ቀጣኝ» አለች። «ፈጣሪ የሠራውን ይጉበጥ ብዬ ጧፍ አበራሁ እኮ፣ ዓለሚቱ። በየትኛው አፌ ይማረኝ ልበል።»

ለንስሐ አባቷም ይህንኑ ነግራ፣ ይህንኑ እያመነች ሞተች።

እኔ ቆይቼ ነው የወለድኩት። አንድ ልጅ አለኝ፤ ገብረመድኅን። ዓምና ከትምህርት ቤት አጥር ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ፤ ያውም ቀኙ፣ ያውም ከአንጓው በላይ። ደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ወጣቱ ሐኪም የራጁን ፎቶ ወደ መብራቱ አንሥቶ፣ ትንሽ ጎበጥ ብሏል፣ ቢሆንም አትጨነቂ አለኝ። እዚህ መጋጠሚያው ጋ ክፍት የሚመስለው ቦታ ይታይሻል? አጥንቱ የሚያድገው ከዚህ ነው። የልጅ አጥንት ሲያድግ ራሱን ያቀናል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የተሰበረበትን እንኳ አታውቂውም። አብረውኝ የመጡት ዘመዶቼ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። እኔ ግን ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። የወንድሜን ጉልበት፣ ክርን፣ አንጓ የሚዳስስ አውራ ጣት ታየኝ።

ጀሶው ሲነሳለት ልጄን ይዤ ወደ አያ ማሩ ሄድኩ። በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ታውሯል፤ የልጅ ልጃቸው ፀሐይ ላይ አውጥታ አስቀምጣቸው ነበር። የትርንጎ ልጅ ነኝ አልኳቸው። ከመቀመጫቸው ሊነሱ ሞከሩ፤ እኔ ያዝኳቸው።

እንደሚቃና ያውቁ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

«አውቅ ነበር» አሉ። «መጋጠሚያው ገና ለጋ ነበር። እንቢ ብላት ሌላ ዘንድ ወስዳ የማይድን ታስደርገዋለች ብዬ ፈራሁ። እሺ ብላት ደግሞ ልጅ አሰነካክላለሁ። ጎብጦ ሲወጣ ልቧ ያርፋል፤ እሱም እያደገ ይቀናል፤ እስከዚያ ጦርነቱ ያልቃል አልኩ። ሁለቱንም ያተረፍኩ መስሎኝ።»

እናቴ ፈጣሪ ቀጣኝ ብላ እንደሞተች ነገርኳቸው። ለመናደድ ነበር የሄድኩት። ግን እንደነገርኳቸው ሁለቱ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ተገልብጠው፣ መዳፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ቀሩ፤ ቁጣዬም የሚይዘው አጣ።

ከዚያ አብሮኝ ያለው ልጅ የማን እንደሆነ ጠየቁ። የእኔ ነው፣ እሱም ክንዱን ተሰብሮ ነበር አልኳቸው። እጃቸውን ዘረጉ። ገብረመድኅን እኔን አየኝ፤ ሂድ አልኩት። የታወረ ዓይናቸውን እንኳ ጨፈኑት። ከክርኑ ጀምረው በጣታቸው ወረዱ፤ የጎበጠችው ቦታ ላይ ቆም አሉ፤ አንጓውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

«ይቀናል» አሉ። «ቀጥ ይላል።»

ልጄ ደስ ብሎት፣ ለከርሞ ቡሄ ጅራፍ ማጮኽ እችላለሁ ማለት ነው አላቸው። አያ ማሩ ክንዱን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ልጄ፣ አሁንስ ጦርነት አለ?»

የገብረመድኅንን ክንድ ከእጃቸው ወሰድኩ። እጅጌውን እስከ ጣቶቹ ድረስ ሳብኩና ሸፈንኩት።